ፑኮ፦ ከወንበዴ ወገብ ወደ ተማሪ እጅ

ፎቶግራፉ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። ሁለት ጎልማሶች በከባድ የብረት ሰንሰለት ተጠፍረው ካሜራ ፊት ቀርበዋል። አንደኛው አንቲ ኢሶታሎ፣ ሁለተኛው አንቲ ራናንያርቪ ይባላሉ። የመጡት ከምዕራብ ፊንላንድ፣ ደቡብ ኦስትሮቦትኒያ ከሚባለው ሜዳማ አገር ነው። ሃርማና ካውሃቫ በተባሉት አጥቢያዎች ስማቸው ይፈራ ነበር። ፊንላንዳውያን እነሱንና መሰሎቻቸውን ከቢላዋቸው ጋር አያይዘው ፑኮዩንካሪ ሲሉ ይጠሯቸዋል፤ የቢላዋ ጎረምሶች እንደማለት ነው።

ቢላዋው ፑኮ ነው። ዛሬ በፊንላንድ ተማሪ እንጨት ይቀርጽበታል፤ ስካውት ጫካ ሲወጣ ቀበቶው ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ከወዳጆቹ፣ ጡረታ የወጣ ሠራተኛ ከባልደረቦቹ በስጦታ ይቀበለዋል። ሰብሳቢዎችም በመስታወት ሳጥን ደርድረው ያኖሩታል። በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ ይህ ዕቃ ከነፍሰ ገዳይ ወገብ ተነሥቶ ልጅ እጅ ላይ ደርሷል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ደግሞም ቢላዋውን ከሰው ዓይን በመሰወር የተሄደ አይደለም።

ፑኮን መጀመሪያ የጨበጠ ሰው በትንሽነቱ ይገረማል። የስለቱ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 11 ሴንቲሜትር ነው። ጀርባው ቀጥ ያለ ነው፤ ሆዱ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል። እንደ ሴንጢ አይታጠፍም። የስለቱ ብረት ከኋላ እንደ ጭራ ቀጥኖ እጀታው ውስጥ ይገባና እዚያው ይቆለፋል። በስለቱና በእጀታው መካከል ጣት የሚከላከል መስቀል የለውም። ለመውጋት የሚሠራ ጩቤ መከላከያ ይደረግለታል፤ እጅ ሲገፋ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት። ፑኮ ግን የተሠራው ጣት ወደ ስለቱ ተጠግቶ እንዲሠራ፣ አውራ ጣትም ጀርባው ላይ ተጭኖ እንጨቱን በስሱ እንዲልጥ ነው። ቅርጹን የወሰነው የዘመናት የእንጨት ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሳሳሉም ለየት ያለ ነው። የፑኮ ጎን ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ድረስ በአንድ ወጥ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ተዳፋት ይወርዳል። ብዙዎቹ የወጥ ቤት ቢላዋዎች ጠርዛቸው ላይ ያላቸው ሁለተኛ ትንሽ ተዳፋት በፑኮ ላይ የለም። የሁለቱ ጎኖች ማዕዘን ተደምሮ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የዚህ ጥቅም የሚታወቀው ከቤት ርቆ ቢላዋው ሲደነዝዝ ነው። የሚስለው ሰው ማዕዘን መገመት አያስፈልገውም፤ ሰፊውን ተዳፋት እርጥብ ድንጋይ ላይ ያስተኛዋል፣ ጎኑ እኩል ማረፉን በጣቱ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ጠርዙን አስቀድሞ ይገፋዋል። ደጋግሞ ሲገፋው በተቃራኒው በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ በጣት ሲዳሰስ የሚይዝ የብረት ጠርዝ ይወጣል። ያን ጊዜ ገልብጦ ሌላውን ጎን ይስላል። መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየጎተተ ሲወለውለው ያ ፀጉር ይረግፋል፤ ወረቀት ሳይቀድ የሚቆርጥ ስለት ይቀራል።

ታዲያ ለእንጨት የተሠራ መሣሪያ እንዴት የሰው መግደያ ሆነ? መልሱን ከቢላዋው ይልቅ በአገሩ ኑሮ ውስጥ መፈለግ ይሻላል። የታሪክ ምሁሩ ሄይኪ ዩሊካንጋስ እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ቢላዋ ጎረምሶቹ ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀሉን ከአካባቢው ማኅበራዊ ኑሮ ጋር አያይዞ መርምሮታል። ዘመኑ በግርድፉ ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ እስከ 1880ዎቹ ይዘልቃል። ደቡብ ኦስትሮቦትኒያ ያኔ ደሃ አገር አልነበረም። ገበሬው የራሱ መሬት ነበረው፤ ከጥድ የሚነጠረው ቅጥራን በመርከብ ተጭኖ ወደ ውጭ ይሸጥ ነበር። የሕዝቡ ቁጥር ግን በፍጥነት ጨመረ፤ መሬቱ ባለበት ቀረ። ከአባቱ እርሻ የማይደርሰው ወጣት በዛ። በዚያ ላይ ሠርጉ ለቀናት የሚዘልቅ፣ አረቄውም ገበሬው በየቤቱ የሚያወጣው ነበር። ያልተጠሩ ጎረምሶች ሠርግ ቤት ይገባሉ፣ ጠብ ይነሣል፣ እያንዳንዱ ወንድ ወገቡ ላይ ቢላዋ አለው።

ሕጉም አያግዝም ነበር። ፊንላንድ ከ1809 ጀምሮ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ብትሆንም የምትዳኘው በስዊድን ዘመን በወጣው የ1734 ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ መሠረት ተከሳሹ ወንጀሉን ካላመነ ጥፋቱን ለማረጋገጥ ሁለት የዓይን ምስክሮች ያስፈልጋሉ። በሰከረ ሕዝብ በተሞላ ሠርግ ቤት፣ ነገ ጎረቤቱ ሆኖ በሚኖር ሰው ላይ፣ ያውም በሚፈራ ሰው ላይ ማን ይመሰክራል? ብዙ ደም እንዲሁ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ።

በ1860ዎቹ ካውሃቫ ላይ የጸጥታ ሹም ሆኖ የተሾመው አዶልፍ ሄግሉንድ ጎረምሶቹን በኃይል በማንበርከክ ይታወቃል። ኢሶታሎና ራናንያርቪ ሰንሰለት የገቡትም በዚያው ዘመን ነው። ይሁን እንጂ በዚያው አሥርት ዓመት ውስጥ ከሹሙ ዱላ የበለጠ ሩቅ የሄዱ ሁለት ውሳኔዎች ተላልፈዋል፤ የሁለቱም ዓመት 1866 ነው። አንደኛው በየቤቱ አረቄ ማውጣትን የከለከለው ሕግ ነው። ሁለተኛው የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን ያቋቋመው ድንጋጌ ነው።

የዚህ ሁለተኛው ድንጋጌ አባት ኡኖ ሲግኔዩስ ቄስ ነበር። በ1840ዎቹ፣ አላስካ ገና የሩሲያ ግዛት ሳለች፣ ሲትካ በምትባል ወደብ ለሉተራን ምዕመናን አገልግሏል። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1863 ዩቫስኩላ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን የፊንላንድኛ ቋንቋ መምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። በ1866ቱ ድንጋጌ ደግሞ የእጅ ሥራ ከንባብና ከሒሳብ ጋር የትምህርት ዓይነት ሆኖ ገባ፤ ለገጠር ወንዶች ልጆችም ግዴታ ተደረገ። የሲግኔዩስ ሐሳብ አናጺ ለማፍራት አልነበረም። ልጅ እጁን ሲያስተምር ትዕግሥትን፣ ሥርዓትንና የገዛ ሥራን ማክበርን አብሮ ይማራል ብሎ ያምን ነበር። በ1877 ስዊድናዊው ኦቶ ሰሎሞን መጥቶ ጎበኘው፤ ከዚያም ናስ በተባለው ስፍራ ባቋቋመው ማሠልጠኛ አማካይነት ትምህርቱን ለብዙ አገር መምህራን አዳረሰ። በዚያ ትምህርት ልጅ ከሚጨብጣቸው የመጀመሪያ መሣሪያዎች አንዱ ቢላዋ ነው።

ሲግኔዩስ ይህን ያቀደው የካውሃቫን ጎረምሶች ለማረም አይደለም። ውጤቱ ግን ከእነሱ ታሪክ ጋር መገናኘቱ አልቀረም። አባቱ በሠርግ ቤት የመዘዘውን ቢላዋ ልጁ በመምህር ፊት ማንኪያ እንዲቀርጽበት ሆነ። አንድ ኅብረተሰብ የፈራውን ዕቃ ለልጆቹ በሥርዓት ማስረከቡ ድፍረት የሚጠይቅ እርምጃ ነው፤ የፑኮ ታሪክ ሊደነቅ የሚገባውም በዚህ በኩል ነው።

ሥርዓቱ ዛሬም አለ። ልጁ ቢላዋ ከመምዘዙ በፊት ይቀመጣል። ክንዱን ዘርግቶ ዙሪያውን ይዞራል፤ እጁ የሚደርስበት ማንም ሰው ካለ ሥራው አይጀመርም። ክርኖቹን ጉልበቶቹ ላይ ያሳርፋል፤ የሚቀርጸው እንጨት ከእግሮቹ መሃል ሳይሆን ከጉልበቱ ፊት ለፊት ይሆናል፤ ምክንያቱም በጭን ውስጥ ትልቅ የደም ሥር ያልፋል። ስለቱ ሁልጊዜ ከሰውነት ወደ ውጭ ይገፋል። ለሌላ ሰው ሲሰጥ እጀታው ይቀድማል። ከመነሣቱ በፊት ቢላዋው አፎቱ ውስጥ ይገባል፤ አፎት አልባ ቢላዋ ይዞ የሚሄድ ልጅ ወዲያው ይቆማል። ለትናንሾቹ ጫፉ የደነዘ፣ ጣት የሚከላከል ትንሽ ጉብታ ያለው ፑኮ ይሠራላቸዋል። አድገው እጃቸው ሲጠና ግን ጉብታው ይቀርና እንደ አዋቂው በጣታቸው ስለቱን ተጠግተው ይሠራሉ።

በካውሃቫም ነገሩ መልኩን ቀየረ። ኢሳኪ ያርቬንፓ (1857–1929) የተባለው አንጥረኛ ስሙን የያዘውን ሥራ በ1879 ጀመረ፤ ድርጅቱ ዛሬም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከዚያ ዓመት ነው። የያርቬንፓ ፑኮ የሚታወቀው በፈረስ ራሱ ነው። የእጀታው ጫፍ በቢጫ ወይም በነጭ ብረት ተቀርጾ፣ አንገቱን ያቀና ፈረስ ሆኖ ያበቃል። ፈረስ በዚያ ሜዳማ አገር የገበሬው ኩራት ነበረና ምርጫው ያለ ነገር አልነበረም። ስለቱ ላይ ሥዕል ይቀረጻል፤ አፎቱም በቀለምና በብረት ጌጥ ይዋባል። የክልሉ ወንዶች የባህል ልብስ ሲለብሱ ወገባቸውን በብረት ጌጦች የተደረደረ ሰፊ ቀበቶ ያስራሉ፤ ፑኮውም እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። ቢላዋው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከፍርድ ቤት መዝገብ ወጥቶ የክት ልብስ ጌጥ ሆነ። ካውሃቫ አሁን የአገሪቱ የቢላዋ ከተማ ትባላለች፤ በየዓመቱ በበጋ የፑኮ በዓል ይከበርባታል።

የጌጡ ዝና እንዳለ ሆኖ፣ የፑኮ ነፍስ ያለችው አንጥረኛው መስፍ ላይ ነው። የሚመረጠው ብረት ከመቶ 0.8 ገደማ ካርቦን ያለው ነው። ቀደም ባለው ዘመን የመንደር አንጥረኛ ያረጀ ሞረድ ይቀጠቅጥ ነበር፤ ወይም ጠንካራው ብረት ውድ ስለሆነበት እሱን በቀጭኑ መሃል አድርጎ በሁለት ለስላሳ ብረቶች መካከል ያጣብቀው ነበር። ብረቱ በከሰል ፍም ውስጥ ቀልቶ ይወጣል፣ በመዶሻ ይሳሳል፣ ጭራው ይረዝማል፣ ሆዱ ይበጃል። ከዚያ ሁሉን የሚወስነው ቅጽበት ይመጣል። አንጥረኛው መብራቱን ቀነስ ያደርጋል፤ የብረቱን ቀለም በትክክል የሚያየው ድንግዝግዝ ሲል ነውና። ሙቀቱ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሲያልፍ ብረት ማግኔት መሳቡን ይተዋል። ስለዚህ ቀዩን ስለት ማግኔት ላይ ያስጠጋዋል፤ ካልተያዘ ጥቂት ጨምሮ ያሞቀውና ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ጢሱ ሲበተን ስለቱ እንደ መስታወት ጠንክሯል፤ እንደ መስታወትም ቢወድቅ ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። የተወለወለው ብረት ደረቅ ጭድ የመሰለ ቢጫ ሲያወጣ ይበቃዋል። ያን ጊዜ ጥንካሬውን ሳያጣ መሰበሩን ትቷል።

እጀታው የአገሩ ደን ውጤት ነው። በጣም የሚፈለገው ጅማቱ የተጠማዘዘ፣ ውስጡ ቡናማ ነጠብጣብ ያለው የበርች እንጨት ነው። የሚያስደንቀው ግን ከበርች ቅርፊት የሚሠራው ነው። ቅርፊቱ በትናንሽ አራት ማዕዘን ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ መሃሉ ይበሳና በስለቱ ጭራ ላይ እየተሰካ ይደራረባል። ብዙ ሲሆን በማጥበቂያ ይጨመቃል፣ ጫፉ ይቆለፋል፣ ከዚያ እንደ አንድ ግንድ ይሞረዳል፣ ይለሰልሳል። የዚህ እጀታ ዋጋ የሚታወቀው በክረምት ነው። ብረት ጣት በሚያጣብቅበት ብርድ እሱ አይቀዘቅዝም፤ እጅ በዓሣ ቅባትና በውሃ ሲረጥብም አያንሸራትትም። በሰሜን ላፕላንድ ደግሞ ሬንዲር የተባለው የሰሜን አጋዘን ቀንድ ይመረጣል።

አፎቱ ቆዳ ነው። ስለቱን የሚይዝ የእንጨት ማስገቢያ በውስጡ ይደረጋል፤ ቆዳው ረጥቦ እያለ ቢላዋውን ዙሪያውን ጠብቆ ይሰፋል፣ ሲደርቅም ቅርጹን እንደያዘ ይቀራል። የእጀታው ግማሽ ያህል ስለሚዋጥ ያለ ማሰሪያ ቢላዋው አይወጣም። የታጠቀው ሰው በእንቅልፍ ልቡ ቢንከባለል፣ በበረዶ ላይ በስኪ ቢወድቅ ቢላዋው ባለበት ነው።

ፑኮ አንድ ዓይነት አይደለም። ካይኑ በተባለው ክልል ሂሩንሳልሚ ላይ ይኖር የነበረው ካሌ ኬራነን የሠራው ቶሚ የሚባለው ዓይነት ስለቱ በጎን ሲቆረጥ እንደ ሮምበስ ነው፤ መሃሉ ወፍራም ሆኖ ወደ ጀርባውም ወደ ጠርዙም ይሳሳል። በሰሜን የሚኖሩት ሳሚዎች ከትንሹ ቢላዋ ጎን ሌኡኩ የተባለ ትልቅ ቢላዋ ይይዛሉ፤ እንጨት መፍለጫቸውም የሬንዲር አጥንት መሰንጠቂያቸውም እሱ ነው። ጥሩ አንጥረኛ ከሩቅ አይቶ የትኛው ከየት እንደመጣ ይለያል።

በጫካ ውስጥ ፑኮ ከሚሠራው ሁሉ ለዓይን የሚያምረው እሳት ማቀጣጠያው ነው። ደረቅ የጥድ ስንጣሪ በአንድ እጅ ይቆማል፤ ስለቱ ከላይ ወደ ታች በስሱ ይወርዳል፤ ልጣጩ ሳይቆረጥ ሥሩ ላይ ይቆማል፣ ይጠቀለላልም። ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። በመጨረሻ ስንጣሪው እንደ አበባ የፈነዳ የቀጭን ልጣጭ ጭፍራ ይሆናል፤ ውጭው ሁሉ በዝናብ ቢርስ እንኳ በአንድ ክብሪት ይያያዛል። በዚያው ቢላዋ ዓሣ ይታረዳል፣ የታደነ አጋዘን ይገፈፋል፣ ከበርች ጉብታ ኩክሳ የሚባለው የእንጨት ኩባያ ይፈለፈላል።

ድንበር ሲሻገር ግን ዕጣው ሌላ ሆነ። በሩሲያ ፊንካ ተብሎ በከተማ ወንበዴዎች እጅ ስሙ ገነነ። በ1935 የሶቪየት ሩሲያ የወንጀል ሕግ የፊንላንድ ቢላዋን ያለ ፈቃድ መሥራትን፣ መያዝንና መሸጥን ከለከለ። ከ1939 እስከ 1940 በተካሄደው የክረምት ጦርነት የሶቪየት ወታደሮች በወገቡ ፑኮ ካንጠለጠለ ጦር ጋር ተፋለሙ፤ በ1940 የሶቪየት ጦር ከፊንካው የተወለደ የቃኚ ወታደር ቢላዋ ለራሱ አወጣ። ቢላዋው ለውጊያ ሲዘጋጅ የተጨመረለት ነገር ጣት የሚከላከል መስቀል ነው። ይህ ጭማሪ ዋናው ፑኮ ለምን እንደተሠራ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያስረዳል።

በፊንላንድ በራሷ ግን ሁለት የሰላም መንገድ ተከፈተ። አንዱ የፋብሪካው ነው። ያኔ ማርቲኒ የተባለ ሰው በ1928 በሮቫኒየሚ የመሠረተው ድርጅት ለላፕላንድ ሰው የሚሠራውን ቢላዋ በዓለም ገበያ አሠራጨ፤ ቀጭኑና ተጣጣፊው የዓሣ መሰንጠቂያው ከዓሣ ማጥመጃ አምራቹ ከራፓላ ስም ጋር ብዙ አገር ገብቷል። ሌላው የዲዛይነሩ መንገድ ነው። በመስታወት ሥራው ዓለም የሚያውቀው ታፒዮ ቪርካላ የሐሳቡን ቅርጽ መጀመሪያ እንጨት ላይ በፑኮ የሚቀርጽ ሰው ነበር። በ1960ዎቹ ለሃክማን ድርጅት የራሱን ፑኮ ነደፈ፤ ጥቁር እጀታውና ንጹሕ መስመሩ ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጉት መካከል አድርጎታል።

ሰብሳቢዎቹ የሚከራከሩበት ጉዳይ አለ። ያረጀ የገበሬ ፑኮ ለብዙ ዓመታት ሲሳል ኖሮ ስለቱ ከግማሽ በታች ሊቀር ይችላል። ለአንዳንዱ ገዥ ይህ ጉድለት ነው፤ እሱ የሚፈልገው አንድ ቀን እንኳ ያልተሠራበት፣ ስለቱ ላይ ያለው ሥዕል ያልጠፋ የካውሃቫ ፑኮ ነው። ለሌላው ግን ያ መመናመን የአንድ ሰው የሥራ ዕድሜ ነው፤ ዋጋውም እዚያ ላይ ነው። ሁለቱም የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ይሁንና በማሽን የተወለወለ አሮጌ ስለት ሁለቱንም ያሳዝናል፤ የአንጥረኛውንም የባለቤቱንም አሻራ አብሮ ያጠፋልና። የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የስለቱን ሥር ነው፤ የሠሪው ማኅተም የሚመታው እዚያ ነው። ቀጥሎ አፎቱን ያያል። ከቢላዋው ጋር አብሮ የተወለደ አፎት እጀታውን ያለ ክፍተት ይይዛል፤ ከሌላ የተዋሰ ከሆነ ይወዘወዛል ወይም ይጠብቃል። ቀጥሎ እጀታው ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን ስፌት ያያል፤ እዚያ ላይ የገባ ውሃ ጭራውን ከውስጥ ያዝገዋል።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፊንላንድ የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ስለት መያዝን ይከለክላል። ለሥራ፣ ለአደን፣ ለዓሣ ማጥመድ የሚሄድ ሰው ምክንያት አለው፤ መጠጥ ቤት የሚገባ ሰው የለውም። ከሌላ አገር ሆኖ የሚያስመጣ ሰውም የሚኖርበትን አገር ሕግ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል፤ የስለት ርዝመትንና አያያዝን በተመለከተ አገሮች ይለያያሉ።

ጀማሪ የፋብሪካ ፑኮ በጥቂት አሥር ዩሮዎች ማግኘት ይችላል፤ የታወቀ አንጥረኛ በእጁ የሠራው በመቶዎች ይቆጠራል። በካርቦን ብረት የተሠራውን የገዛ ሰው ድንች ወይም ሽንኩርት ሲልጥበት ስለቱ ግራጫና ሰማያዊ ጥላ ሲይዝ አይደንግጥ፤ ያ ቀለም ከቀይ ዝገት ይጠብቀዋል። ከሥራ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ቀጭን ዘይት ይቀባል። ለብዙ ወራት የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ከአፎቱ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ከልፋቱ የቀረው አሲድም ብረቱን ይበላል። አፎቱ ውስጥ ተረስቶ የኖረ ቆንጆ ፑኮ ሲመዘዝ ሥዕሉ በዝገት ተበልቶ መገኘቱ በአሮጌ ዕቃ ገበያዎች የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ አፎቱን ብቻ እያሳየ ቢያወድስ እንኳ ገዥው ቢላዋውን እስከ ጫፉ መዝዞ በብርሃን ይየው።